አንድ ጊዜ ብቻ ያልሸሹት አዜሊ ሳቭዋ

እኅቴን ለመሸኘት ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ ቤተሰቡ የመረጠኝ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ኖላን ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ የማንበብ ልምድ የሌለኝ መሆኔን ስለምታውቁ፣ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

ወይዘሮ አዜሊ ሳቭዋ ከአባታቸው ከአቶ ኤሚል ትራሃንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኮሪን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ በዚሁ በቤል ሼን መንደር፣ በባሕሩና በረግረጉ መካከል በተዘረጋው የአሸዋ ጉብታ ላይ ተወለዱ። አባታቸው ብርዱ ሲገባ በረግረጉ ውስጥ በወጥመድ እያደኑ፣ ሙቀቱ ሲመለስ ከብት እያረቡ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ንግግራቸው ጥቂት ሥራቸው ብዙ የሆነ ሰው ነበሩ። አዜሊ ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ከበላያቸው ሁለት እኅቶች፣ ከበታቻቸው ደግሞ እኔ ነበርን።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ባለ ሁለት ክፍሉ የመንደሩ ትምህርት ቤት ገቡ። በቤታችን ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ስለማይነገር፣ በትምህርት ቤቱ ደግሞ ከእንግሊዝኛ በቀር ስለማይፈቀድ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፉት በአብዛኛው ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመው «በትምህርት ቤት ግቢ ፈረንሳይኛ አልናገርም» የሚለውን በእንግሊዝኛ እየደጋገሙ በመጻፍ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ያማረው በዚህ ቅጣት መሆኑንም እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በሰኔ ወር፣ አውሎ ነፋስ ከባሕሩ ተነሥቶ ወደ እኛ እያመራ መሆኑን ራዲዮው ተናገረ። ነፋሱ የሚደርሰው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው ተብሎ ስለነበር የመንደሩ ሰው አልተጣደፈም፤ ሽማግሌዎቹም በዕድሜያቸው ሙሉ ውኃ ጉብታውን ሲሻገር አይተው እንደማያውቁ ይናገሩ ነበር። እናታችን ልብሳችንን አስረው፣ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በር ላይ ቆመው አባታችንን ጠበቁ። አባታችን ከብቶቹን ወደ ከፍታ ሲነዱ ውለው ደክመው ገቡና «ነገ ጠዋት እንሄዳለን፤ መንገዱም በብርሃን ይሻላል» አሉ። እናታችን አልተከራከሩም።

ውኃው ከጠዋቱ ቀድሞ ደረሰ። ሲነጋ ደጃፋችን ላይ ነበር፤ ቁርስ በሚበላበት ሰዓት ቤቱ ከመሠረቱ ተነሥቶ መንሳፈፍ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ተሰነጠቀ። አዜሊ የሰባት ዓመት ልጅ የነበርኩትን እኔን አንሥተው ወደ አንድ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ደረሱ፤ ሁለት እጆቻቸው ለቅርንጫፉ ስለሚያስፈልጉ የሸሚዜን ኮሌታ በጥርሳቸው ነክሰው ያዙኝ፤ ውኃው እስኪጎድል ድረስ፣ ማለትም እስከ ከሰዓት በኋላ፣ አልለቀቁኝም። አባታችን ረግረጉ ዳር ላይ በሦስተኛው ቀን በሕይወት ተገኙ። እናታችንና ሁለቱ እኅቶቻችን አልተገኙም፤ ወይም ተገኝተው ከሆነ፣ ማንነታቸው ካልታወቀ ሙታን ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል። አባታችን ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ «ነገ ጠዋት» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማንም።

አዜሊ ቀሪውን ልጅነታቸውን ከባሕሩ በራቀው ከተማ፣ በአክስታችን ቤት አሳለፉ። ወደዚህ የመለሳቸው ሽሪምፕ አጥማጁ አቶ አልሲድ ሳቭዋ ነበሩ። አልሲድ ለጋብቻ ሲጠይቋቸው አዜሊ አንድ ነገር ብቻ ማስታወቃቸውን ሁለቱም ደጋግመው ነግረውናል። «እንሂድ ስል መቼ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ። ጀልባህን በተመለከተ አንተ እንደፈለግህ» አሏቸው። አልሲድም ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. በዚህች ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ከዚያ በኋላ በመጣው አውሎ ነፋስ ሁሉ ባልና ሚስት በራቸው ላይ እየተሳሳሙ ይለያዩ ነበር፤ እርሳቸው ልጆቻቸውን ቬርናንና ራስልን ይዘው ወደ ሰሜን፣ አልሲድ ደግሞ ጀልባቸውን ይዘው ወደ ወንዙ የላይኛው ክፍል፤ እዚያም በአራት ገመድ ከዛፎች ጋር አስረውት በውስጡ ይቀመጡ ነበር። ጀልባ ገመዱን የሚያላላና የሚያጠብቅ ሰው ከሌለበት አይተርፍም የሚሉት አልሲድ፣ ከሚስታቸው ጋር አንድም ቀን በዚህ ጉዳይ አልተጣሉም፤ አንዱም ሌላውን አላሳመነም።

አዜሊ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ መንዳት ጀመሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመትም ነዱ። አውሎ ነፋስ በሚመጣበት ጊዜ መኪና የሌለውን፣ የታመመውንና የሸመገለውን በአውቶቡሱ የማውጣት ሥራ ማንም ሳይሾማቸው የእርሳቸው ሆነ። ከበር ወደ በር ይዞሩ ነበር። ሰውን አይቆጡም፤ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ የቀረበላቸውን ይጠጣሉ፤ ከዚያም ባለቤቱ ጥሎት መሄድ የሚከብደው ምን እንደሆነ ይጠይቁና ያው ነገር አብሮ እንዲጫን ይፈቅዳሉ። በዚህ ምክንያት ያ አውቶቡስ ዶሮዎችን፣ አንድ አኮርዲዮን፣ የሟች ሚስት የሠርግ ልብስ፣ አንድ ጊዜም ከባለቤቱ ይልቅ መንገዱን የታገሠ አሳማ ጭኗል።

በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሸሽተን ሦስቱንም ጊዜ ነፋሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ያን ጊዜ የመንደሩ ሰው መቀለድ ጀመረ፤ በሱቁ በር ላይ የሚቀመጠው ሮይ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ «አዜሊ፣ ዛሬ ሣሩ ላይ ጤዛ አይቻለሁ፤ አንሸሽም እንዴ?» አላቸው። እርሳቸውም የገዙትን ሩዝ እያነሡ «ተመልሰህ መጥተህ እየሳቅህብኝ ነው አይደል? እኔም የፈለግኩት ይኼንኑ ነው» ብለው ሄዱ። ሮይ በሚቀጥለው ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ተሳፈረ።

ወገኖቼ፣ እስካሁን ያነበብኩት ሁላችሁም የምታውቁትና የምትወዱት ነው። የሚከተለውን ግን እንዳናልፈው ራሳቸው ስለጠየቁን እናነባለን።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በነሐሴ ወር ታላቅ አውሎ ነፋስ በቀጥታ ወደ እኛ እየመጣ ነው ተባለ። የሰማንያ አራት ዓመቷ ወይዘሮ ፊሎሜን ከቤታቸው መውጣት አልፈለጉም፤ አዜሊ በረንዳቸው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ለመኗቸው፤ በመጨረሻም እጃቸውን ይዘው አሳፈሯቸው። በዚያን ቀን የባሕሩ ዳርቻ ሕዝብ በሙሉ በአንድ መንገድ ወጥቶ ነበርና በሌላ ጊዜ ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ጉዞ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። አውቶቡሱ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ውኃ አልቆ፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ፀሐይ አናት ላይ በደረሰችበት ሰዓት ወይዘሮ ፊሎሜን ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ዐረፉ። አውሎ ነፋሱ ግን በመጨረሻው ቀን ወደ ምዕራብ ታጠፈ። ስንመለስ የፊሎሜን ቤት እንደነበረ ቆሞ፣ ያሰጡት ልብስ እንኳ ከገመዱ ላይ አልወደቀም ነበር።

በቀብሩ ላይ የፊሎሜን ልጅ ክሎቪስ የአዜሊን እጅ አልጨበጠም። «እናቴን ነፋሱ አልነካትም፤ የወሰድሻት አንቺ ነሽ» አላቸው። አዜሊ ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት የትምህርት ቤት ልጆችን ብቻ አመላለሱ፤ ማንንም እንዲሸሽ አልጎተጎቱም፤ ሰው ቤታቸው ቢመጣ እንኳ ስለ አየሩ አያወሩም ነበር። ሰዎች ጥፋቱ የመንገዱ ነው፣ የሙቀቱ ነው እያሉ ሊያጽናኗቸው ቢሞክሩም፣ አንድ ጊዜ ለእኔ እንደነገሩኝ፣ የሚያስጨንቃቸው ጥፋተኛ መሆናቸው አልነበረም፤ ያንኑ ቀን እንደገና ቢኖሩት ያንኑ እንደሚያደርጉ ማወቃቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ሌላ አውሎ ነፋስ ተነሣ። እርሳቸውም የአውቶቡሱን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው በራቸው ላይ ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ከበር ወደ በር ዞሩ፤ አነጋገራቸው ግን ተለውጦ ነበር። በየቤቱ የተናገሩት አንድ ዓይነት ነው፤ «የፊሎሜንን ነገር ታውቃላችሁ፤ የእናቴንም ታውቃላችሁ። መሄድም ይገድላል፣ መቅረትም ይገድላል። እኔ የምሄድ ይመስለኛል፤ አውቶቡሱ ከረፋዱ በአራት ሰዓት ይነሣል።» አልለመኑም፤ በረንዳም ላይ አልተቀመጡም። አራት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ ሞላ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ክሎቪስ በእግሩ መጣ፤ ገባና እናቱ ባረፉበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አዜሊ በመስታወቱ አዩት፤ በሩን ዘጉ፤ ነዱ። ከዚያ ጉዞ ስንመለስ በቤል ሼን ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ከውኃ ማጠራቀሚያው ማማ በቀር የቆመ ነገር አላገኘንም። ክሎቪስ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እርሳቸውም አልጠበቁም፤ ነገር ግን አልሲድና አዜሊ በረጃጅም ምሰሶ ላይ አዲሱን ቤታቸውን ሲሠሩ የወለሉን ሳንቃ በምስማር የመታው እርሱ ነው።

አልሲድ በኋለኛው ዘመናቸው ሳንባቸው ታሞ ያለ ኦክስጅን መተንፈስ አቃታቸው፤ አልጋ ላይም ዋሉ። የዛሬ አራት ዓመት ያ ከሁሉ የከፋው አውሎ ነፋስ መምጣቱ ሲነገር፣ ሐኪማቸው በዚያ ሁኔታ ረጅም መንገድ ከተጓዙ የማይደርሱ መሆናቸውን አልሸሸገም። አልሲድ ሚስታቸውን «ልጆቻችን ያደጉት እኔ ስቀር አንቺ ስለሄድሽ ነው፤ አሁንም ሂጂ» አሏቸው። ልጃቸው ቬርና ስልክ ደውላ አለቀሰች። አዜሊ አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው አሰቡ፤ ለሌሎች በየበረንዳው ያቀርቡት የነበረውን ጥያቄ ለራሳቸው አቀረቡ፤ ጥለውት መሄድ የሚከብዳቸው ነገር ደግሞ በአውቶቡስ የሚጫን አልነበረም። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሩ።

በልጅነቱ የአውቶቡሳቸው ተሳፋሪ የነበረውና ዛሬ ፖሊስ የሆነው ዴልበርት የቀሩትን ለመመዝገብ በመጨረሻው ቀን መጣ።

«ሚስ አዜሊ፣ እኔን ከዚህ መንደር አራት ጊዜ ያስወጡኝ እርስዎ ነዎት» አላቸው፤ በተማሪነቱ እንደሚጠራቸው።

«አንተ ያን ጊዜ ቀላል ነበርክ» አሉት።

እርሱም ለሚቀሩት ሁሉ የሚሰጠውን ጥቁር እስክሪብቶ አወጣና፣ ሬሳቸው ቢገኝ ማንነታቸው እንዲታወቅ ስማቸውን ክንዳቸው ላይ እንዲጽፉ ጠየቃቸው። አዜሊ በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው የአልሲድን ስም በአልሲድ ክንድ ላይ ጻፉ። የራሳቸውን ግን እንዲጽፍላቸው እስክሪብቶውን ለዴልበርት ሰጡት፤ «አዜሊ፣ የኮሪን ልጅ፣ በል» አሉት። ዴልበርት የባላቸው ስም መሆን አለበት ብሎ ሊያርማቸው አስቦ እንደነበርና ፊታቸውን አይቶ የተነገረውን እንደጻፈ ትናንት ነግሮናል።

ነፋሱ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ነፈሰ። የማድ ቤቱን ጣሪያ ወሰደ፤ ውኃውም ደረጃውን እየወጣ መጥቶ ወለሉ ሊደርስ ሦስት ደረጃ ሲቀረው ቆመ። አዜሊ ጄኔሬተሩን በመኝታ ቤቱ በረንዳ ላይ አስረውት ስለነበር ኦክስጅኑ አልተቋረጠም። አልሲድ ከነፋሱ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ እጃቸው በሚስታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

ቬርና እናቷን ብዙ ወራት ተቆጥታ ቆየች፤ ሰውን ሁሉ አስወጥተው ራሳቸው መቅረታቸውን ልትቀበል አልቻለችም ነበር። በመጨረሻ ሲነጋገሩ አዜሊ እንዲህ አሏት፤ «ትክክል ነበርኩ አልልሽም። ውኃው ሦስት ደረጃ ቢጨምር ኖሮ ሰው ሁሉ ሞኝ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ያው ሰው ነበርኩ። ነገሩ የሚለየው ውኃው ጋ ነው፤ እኛ ጋ አይደለም።» ቬርና ይህ ቃል እዚህ እንዲነበብ ፈቅዳለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኩላሊታቸውን ታመሙ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለሕክምና እየተመላለሱ፣ አየሩ ባስፈራ ጊዜም ልጃቸው ራስል በሚነዳው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለ ክርክር እየወጡ፣ በትዕግሥት ኖሩ። ሊሞቱ ጥቂት ሲቀራቸው የት እንደሚቀበሩ ተጠየቁ፤ የዚህ መንደር መቃብር ሁለት ጊዜ በውኃ ተከፍቶ ሣጥኖች ከረግረጉ ተለቅመው መመለሳቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁና ልጆቻቸው በሰሜን ደረቅ መሬት አዘጋጅተው ነበር። እርሳቸው ግን ከአልሲድ ጎን እንዲሆን መረጡ፤ ውኃ ቢመጣ ማንም ለእርሳቸው ብሎ ወደ ኋላ እንዳይቀርም አዘዙ። ከሦስት ቀን በፊት፣ ባሕሩ ጸጥ በሚልበት በዚህ ወር፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ አዜሊ ልጃቸውን ቬርናን፣ ልጃቸውን ራስልንና ባለቤቱን ግሌንዳን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ባለፈው ኅዳር የተወለደችውንና ኮሪን ተብላ የተሰየመችውን የልጅ ልጃቸውን ልጅ፣ እንዲሁም ያን ቀን ኮሌታዬን ስላልለቀቁ ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩትን እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል።

ማዕበሉን ገሥጾ ጸጥ ያሰኘው ጌታ፣ ሰው ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ በማይጨነቅበት አገር ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ስማቸው ካልተጻፈላቸው ከእናታችንና ከእኅቶቻችንም ጋር በዚያ ያገናኛቸው፤ ለእኛም ለቀረነው ውኃው ሲመጣ የምንመርጥበትን ልብ፣ ከመረጥንም በኋላ እርስ በርሳችን ይቅር የምንባባልበትን ምሕረት ይስጠን። አሜን።