አጥር የዘለለው ሐረግ

(እሑድ ረፋድ። ጋሽ ወንድይፍራው በጋራ አጥራቸው ላይ መሰላል አስደግፈው መቀስ ይዘዋል፤ ጎረቤታቸው አስካለ ከማዶ ሆነው አንጋጠው ያያሉ።)

አስካለ፦ ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ ጋሽ ወንድይፍራው። ነገ ከሥሩ ይንቀሉት፤ ዶማውን እኔ ራሴ አቀብልዎታለሁ።

ወንድይፍራው፦ እንግዶች ሳሎን አስቀምጬ የወጣሁት ለዚሁ ነው። ይሄ ሐረግሽ አሸንዳዬን አንቋል፣ አንቴናዬን ጠምጥሟል። ትናንት የተሰጣ ሱሪዬን አልለቅም ብሎኝ ስንታገል ሰፈሩ አየን።

አስካለ፦ ቶሎ ያድጋል ሲሉኝ የዛገውን ቆርቆሮ ይሸፍንልኛል ብዬ ነው የተከልኩት።

ወንድይፍራው፦ አድጓል። አንቺ ጋ ግንዱ፣ እኔ ጋ አበባው።

አስካለ፦ ፀሐይዋ እርስዎ ጋ ናት፣ ምን ላድርግ? ጋሼ፣ ዛሬ ለሰናይት ሽማግሌ ይመጣል። አባት የሌላት ልጅ መሆኗን ያውቃሉ። ቤታችሁ የቱ ነው ሲሉኝ «ሐምራዊ አበባ አጥሩ ላይ የተንዠረገገበት» ብዬ ልኬባቸዋለሁ። አሁንም አርፍደዋል።

ወንድይፍራው፦ ስንት ናቸው?

አስካለ፦ ሦስት። አንደኛው ከዘራ ይይዛሉ አሉ።

ወንድይፍራው፦ ባለ ከዘራው ሶፋዬ ላይ ናቸው።

አስካለ፦ ምን አሉኝ?

ወንድይፍራው፦ በሬን አንኳኩ። ተቀመጡ ብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። «ልጅዎን ለልጃችን» ሲሉኝ የኔዋ ምንትዋብ ናት የመጣችልኝ። ለሷ ሽማግሌ ስጠብቅ ዓይኔ መፍሰሱን ታውቂያለሽ። ደስታው አፌን ቀደመኝና «ሰጥቻለሁ» አልኩ። ሰናይትን ስለሰጡን እግዜር ይስጥልን ብለው ሲቀመጡ ነው የገባኝ።

አስካለ፦ በአንድ አፍ? እኔ እኮ ዘመድ ላማክር እያልኩ ሁለት ሦስቴ ላመላልሳቸው ነበር። ልጄን እንደ ትርፍ ዕቃ ሰጧት?

ወንድይፍራው፦ እኔስ? ምንትዋብ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አበባውን አይተን መጣን ሲሉኝ ተናድጄ መቀሴን ይዤ ወጣሁ። በይ ነይና አንቺው አስረጃቸው፤ እኔ ምን ብዬ እንደምመልሰው ጠፍቶኛል።

አስካለ፦ ምኑ ይመለሳል? ቃል ከአፍ ወጥቷል። ይውረዱ፣ አንዲት ቅጠል እንዳይነኩ። ምንትዋብ አንደኛ ሚዜ ትሆናለች፤ ሚዜ ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሰናይትን የዳሩት አባቷ እርስዎ ስለሆኑ ድንኳኑ እርስዎ ግቢ ይጣላል። አበባውም ያለው እዚያው ነው።