የአዳሙ ውሻ እኔ ዘንድ የከረመች ጊዜ

በእኛ ጊዜ ውሻ በረት ጠባቂ እንጂ የሰው ጓደኛ አልነበረም፤ የምትቀጂበትን ስልክሽን ወዲህ አቅርቢው እንጂ የእህቴ የልጅ ልጅ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፤ እና ምን እያልኩ ነበር፣ አዎ፣ በእኛ ጊዜ ውሻ ቤት አይገባም፣ ራሱን አይዳበስም፣ ፍርፋሪውን በልቶ በጉን ይጠብቃል፣ አለቀ። ታዲያ ይሄን አሳምሬ የማውቀው ሰውዬ ነኝ በስተርጅና በውሻ የተሞኘሁት። ሳቂ፣ ሳቂ፣ ግድ የለም።

ምን መሰለሽ፣ ሚስቴ አለምነሽ ስትሞት በጎቼን ሸጥኳቸው። ልጆቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ። ሲደውሉ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ «አባባ፣ ይሰማል?» «ይሰማል።» «አባባ፣ ይሰማል?» «ይሰማል እኮ!» በዚሁ ያልቃል። ያ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ያለው መስክ፣ ድሮ በጉና ፈረሱ የሚርመሰመስበት፣ አሁን ሁሉም ለከሰል ብሎ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክሎበት ጫካ ሆኗል፤ ከማዶ ወዲህ የሚጣራ ሰው ጠፋ። እና ብቻዬን ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳልናገር እውልና ማታ ጉሮሮዬን ስጠርግ የራሴው ድምፅ ያስደነግጠኝ ነበር።

ታዲያ ጎረቤቴ አዳሙ፣ ከወንዙ ማዶ የነበረው ጎልማሳ፣ የሚስቱ እናት አዲስ ቅዳም ከተማ ታመሙና ሚስቱን ይዞ ሊያስታምም መሄድ ሆነበት። መጣና «አያ ፈንታ፣ ስድስት በጎች አሉኝ፣ በርቢ ይያዙልኝ» አለኝ። ርቢ ታውቂያለሽ አይደል? በጉ የእሱ፣ ጥበቃው የእኔ፣ የተወለደውን እኩል መካፈል ነው። «ጉልበት የለኝም» ስለው «ጉልበቱ አብሮ ይመጣል» አለና ጉሬዛን አመጣት። ጉሬዛ ውሻዋ ናት፤ ጥቁር ሆና ደረቷ ነጭ። «እሷ ግን ርቢ አይደለችም፣ አደራ ናት» አለኝ።

ተቀበልኩ። አዳሙ ሲሄድ አልተከተለችውም፣ አላለቃቀሰችም። በጎቹን አንድ ዙር ዞረቻቸው፣ ጋጣውን ማዕዘን ማዕዘኑን አሸተተች፣ ከዚያ በሩ ላይ ተጋደመች። እኔን? እኔን አላየችኝም። ጠባይዋ እንዲህ ነው፤ ጭራ መቁላት የለ፣ መለማመጥ የለ። በጎቹ ሳይተኙ እህል አትቀምስም። አንዷ በግ ስትወልድ አጠገቧ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ጠበቀቻት፤ እንደ ጨዋ ሰው ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። እናቲቱ ልሳ ከጨረሰች በኋላ ነው ግልገሉን አንዴ አሽትታ የተመለሰችው። የንስሐ አባቴ ሲመጡ አትጮህም፣ አትነክስም፣ ዝም ብላ መንገዱ ላይ ትቆማለች። «ፈንታ፣ ይቺ ውሻህ ጸበል ይረጭባት፣ ካህን አታውቅም» ይላሉ ከውጭ። እኔ እጃቸውን ይዤ ካላስገባኋቸው አታሳልፋቸውም። ቀበሮ ከዲከረንሱ ብቅ ያለ ቀን ግን አያድርስ ነው።

ታዲያ እኔ ሞኙ ልወዳጃት ፈለግሁ። ለፋሲካ ሥጋ ያለበት አጥንት ይዤ እሳቱ ዳር ቁጭ አልኩና «ጉሬዛ፣ ነይ፣ ነይ እናቴ» እላለሁ፤ በአማርኛ ጠራኋት፣ በአገውኛ ጠራኋት። እስከ በሩ ደፍ ድረስ መጣች። አጥንቱን ቀስ ብላ ከእጄ ተቀበለችና ይዛው ወደ በጎቿ ሄደች። ልጄ፣ አኮረፍኳት እኮ። ሦስት ቀን ውሻ አኮረፍኩ። እሷ ማኩረፌንም አላወቀች። በአራተኛው ቀን እኔው ተሸንፌ መቀመጫ ዱካዬን ይዤ ጋጣው በር ሄድኩ፤ እና ከዚያ ወዲያ ሲመሻሽ ሁልጊዜ እዚያ ነኝ። አወራታለሁ። የአለምነሽን ነገር፣ የልጆቹን ነገር፣ የጉልበቴን ሕመም። እሷ ጫካውን እያየች ትቀመጣለች። ጆሮዋን ወደ እኔ አታዞርም፣ ግን ተነስታም አትሄድም። ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

ዓመት ሲሞላው አዳሙ መጣ። አማቱ ሞተው ቤቱም መሬቱም ለሚስቱ ሆኗል። «ከእንግዲህ አልመለስም አያ፣ በጎቹን እንካፈል» አለ። የሚያካፍሉን ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ለእኔ ሁለት ግልገል ደረሰኝ። ታዲያ ተነሳሁና «ግልገሎቹ ይቅሩብኝ፣ ውሻዋን ስጠኝ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው «ሁለት በግ በአንድ ውሻ? ፈንታ፣ ምን ነካህ?» አለኝ። አዳሙ ግን አልሳቀም። «አያ፣ እሷ የእኔም የእርስዎም አይደለችም፣ የበጎቹ ናት። አይሆንልዎትም» አለኝ። «ተናግሬያለሁ» አልኩት። እልኸኛ ነኝ፣ እናትሽም ትነግርሻለች። እሺ ብሎ በጎቹን ሁሉ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሄደ፣ እሷን አስሬ አስቀረኋት።

እና ስፈታት እስከ አስፋልቱ ሮጣ ተመለሰች። ባዶውን ጋጣ ዞረችው። ማዕዘን ማዕዘኑን አሸተተች፣ ደግማ ዞረችው፣ ከዚያ በሩ ላይ ተጋደመች፣ ምንም በሌለበት በር። እህል አቀረብኩ፣ አልቀመሰችም። በማግስቱም አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ወተት ለምኜ አመጣሁ፣ አልቀመሰችም። «እኔስ?» አልኳት። «እኔ እዚህ አይደለሁም ወይ?» ይሄን የሚያህል ሽማግሌ ውሻ ፊት ቆሞ እንዲህ ሲል አስቢው እንግዲህ። ከፋኝ። አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ።

ሲነጋ ለአዳሙ ልመልሳት በገመድ ይዣት ወጣሁ። የሚኒባሱ ረዳት «አባቴ፣ ውሻ አንጭንም» አለ። «የእሷንም እከፍላለሁ።» «ተሳፋሪ ትነክሳለች።» «ከነከሰችም አንተን ነው» ስለው ጥሎን ሄደ። እና በእግር ሄድን፣ እንጅባራን አለፍን፣ እሷ ፊት እኔ ኋላ፤ አዲስ ቅዳም አዳሙ ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች።

በጎቹን ስታይ ገመዱን ከእጄ መነጨቀችው። ዞረቻቸው፣ አንድ በአንድ አሸተተቻቸው። በጎቹ ሲተኙ፣ ያኔ በላች። አዳሙ፣ እግዜር ይስጠው፣ «ግልገሎችዎን ይውሰዱ አያ፣ እሷም አብራ ትሂድ» አለኝ። እንቢ አልኩ። ከሁለቱ ጋር ብትመጣ የቀሩትን ስትፈልግ ልትኖር ነው፤ ያንን ባዶ ጋጣ ስትዞር ደግሜ ማየት አልፈለግሁም።

አደርኩና ጠዋት ዱላዬን አንስቼ ልሄድ ስል ጉሬዛ ተነሳች። ልትሸኘኝ መስሎኝ። መጥታ ፊቴ ቆመች። በግራ ልለፍ ስል በግራ መጣች፣ በቀኝ ስል በቀኝ። ከዚያ በትከሻዋ ጉልበቴን ቀስ አድርጋ እየገፋች ወደ በጎቹ መለሰችኝ። የአዳሙ ሚስት «ውይ፣ አያን ከበግ ቆጥራቸዋለች» ብላ ሳቀች። አዳሙ «ከመንጋው የወጣውን እንዲህ ነው የምትመልሰው» አለኝ። ልጄ፣ ዓመት ሙሉ አታየኝም ያልኳት ስትቆጥረኝ ነው ለካ የከረመችው። ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ መለሰችኝ። በመጨረሻ አዳሙ አንገቷን ይዞልኝ ሄድኩ፤ ኩርባውን እስካልፍ ስትጮህ ይሰማኛል።

«ታዲያ ለምን እዚያው አልሰነበቱም፣ አባባ?» አልኳቸው፣ የምቀዳበትን ስልክ እንደያዝኩ።

ሰው ቤት ስንት ቀን ይታደራል? የአለምነሽም መቃብር እዚህ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ልጆቼ ሲሄዱ ደህና ይሁኑ ብለውኛል፣ ጎረቤቱም ሲሄድ ደህና ይሁኑ ብሎኛል። አትሄድም ብላ መንገድ የዘጋችብኝ እሷ ብቻ ናት።

«እኔ ዛሬ አድራለሁ፣ አባባ።»

ተይ ተይ፣ አንቺ ነገ ትምህርት አለሽ። ይልቅ ተነሺ፣ ሚኒባሱ ሳያመልጥሽ እስከ አስፋልቱ ልሸኝሽ።