እምቢ ያልኩት ዶክተር

ከሰባተኛ በተሳፈርኩበት ታክሲ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ትልቅ ጥቅል ታቅፈዋል። ከወዲያ በኩላቸው ያለው ጎልማሳ ጠየቃቸው።

“እትዬ፣ ለንግድ ነው?”

“አይ፣ ከሱቄ ያመጣሁት ብርድ ልብስ ነው። ጉልበቴን ላከመኝ ዶክተር፣ ለድሃ በሽተኞቹ።”

“እሱ ጠይቆዎት?”

“ባለፈው ቀጠሮ ጠይቆኝ ነበር።”

“ይሄማ ነውር ነው! ሰው ሐኪሙን በምን አንደበቱ እምቢ ይላል?”

“እኔ ብያለሁ። ‘ገና ሳልድን ትለምነኛለህ?’ ብዬ ተቆጣሁት።”

“ከዚያስ? ፊት ነሳዎት?”

“ልወጣ ስነሳ የጫማዬ ክር ተፈትቶ አየ። እንደ ሁልጊዜው በርከክ ብሎ አሰረልኝ።”

“ዛሬስ ደግሞ ጠየቀዎት?”

“ዛሬማ ማንም አልጠየቀኝም፣ ልጄ።”

መውረጃዬ አማኑኤል ነበር፤ “ወራጅ አለ” ሳልል አለፍኩት።