ትልቁ ቃል በመዝገቡ ሽፋን ላይ

ነይ እህቴ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ያኛው ወንበር ይወላገዳል። ሙቀቱስ ዛሬ እንዴት ነው? በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን። ነፋስም ይገባል፣ ድምፅም... ይሰማል።

ለመጀመሪያ ቀንሽ ብዙ አላደክምሽም። እዚህ ቢሮ በጦርነት ግፍ የሠሩ መንግሥታትን ነው የምንከሰው። እኔ መዝገብ አደራጃለሁ፣ አንቺ ትተይቢያለሽ። ሽፋኑ ላይ የሚሰፍረውን ቃል የሚመርጡት ግን ሌላ ሰው ናቸው... ማን እንደሆኑ አልልም። ሰው ማማት አልወድም።

ብቻ ልባቸው ሰፊ ነው፣ ትንሽ ቃል አይሞላቸውም። ድመት ምሳቸውን ብትበላባቸው "ስልታዊ የማስራብ ዘመቻ" ብለው ለአስተዳደር ጻፉ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ቢያንጠባጥብ "የውኃ ሽብር" አሉት። ደብዳቤው ለቧንቧ ሠራተኛው መሄዱ ቀርቶ ለጥበቃ ክፍል ሄደ። መጡ፣ ፈንጂ ፈለጉ፣ አጡ፣ "ሽብር የለም" ብለው ፈርመው ወጡ። ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥባል። ጥፋቱ የማን ነው ታዲያ? የቧንቧው ነዋ።

ይሄ ጠረጴዛው ላይ ያለው የዳቦ ሰልፉ መዝገብ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከፍርድ ቤት ተመልሶ መጣ። ዳቦ ሊገዙ የተሰለፉ አሥራ ሁለት ሰዎችና ዳቦ ጋጋሪው፣ በድምሩ አሥራ ሦስት ሰው፣ በወታደር ጥይት ተገድለዋል። ሰዓቱ አለ፣ ያዘዘው መኮንን ስም አለ፣ ምስክር አለ። እኔ ምን አውቄ... "የጦር ወንጀል" ብዬ ነበር የጻፍኩት። ሰላማዊ ሰው መሆናቸውን እያወቁ እንደተኮሱ ብናስረዳ ይበቃናል ብዬ። ለሞተ ሰው ይህ ያንሳል ተባልኩ። በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘና "የዘር ማጥፋት" ሆነ። ሲያምር ብታዪው...

ችሎት ላይ አንድን ሕዝብ ለይተው ሊያጠፉ ማሰባቸውን አስረዱ ተባልን። ከየት እናምጣ? ገዳዮቹም ሟቾቹም የአንድ ሕዝብ ልጆች ናቸው። የመንግሥቱ ጠበቃ ክሱን ለማስጣል አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ወዲያው በዜናቸው "ንጹሕ መሆናችን ተረጋገጠ" አሉ። ጠበቃው የምስጋና ካርድ ልኳል ይባላል። እኔ አላየሁም... የአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ካልሆነ በቀር።

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። ባሏ ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ነው። በስልክ "ታዲያ ባሌን ማንም አልገደለውም ማለት ነው?" አለችኝ። እሳቸው ያነጋግሯት እንዳልል ሥራ በዝቶባቸዋል፤ የድመቷን ክስ እያዘጋጁ ነው።

ክፉ አስቤ እንዳይመስልሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ እጃቸው ይባረክ። እኔንም አንድ ቀን ሰይጣን አሳስቶኝ ሰው ብገድል... ፈጣሪ ከሳሼን እሳቸውን ያድርግልኝ።