አማቴና የቅርጫው በሬ በጠባቧ ድልድይ ላይ

ወደ አረካ ስትሄዱ ያለችውን አሮጌ የእግረኛ ድልድይ ታውቋት የለም? ኖኅ መርከቡን ጨርሶ በተረፈው ጣውላ የሠራት ናት። ጠባብነቷ ደግሞ ድመት እንኳ ጢሟን ሰብስባ ነው የምታልፍባት። አምና ለመስቀል ዝሆን የሚያክል የቅርጫ በሬ እየሳብኩ መሃሏ ስደርስ፣ ከማዶ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አማቴ! እኛ ዘንድ አማቱን ከመንገድ የመለሰ ሰው፣ ወሬው ሁምቦ ድረስ ቀድሞት ይገባል። እኔ ልመለስ ብል፣ በሬው የኋሊት መሄድ የሚባል ነገር አያውቅም። ጎረቤቶቼ ደግሞ ቢላቸውን ስለው ይጠብቁኛል።

«እማማ፣ በሬው እምቢ አለኝ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«አየሁት» አሉ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው። «አንተን ብቻህን ባገኝህ፣ እስከ አረካ ገበያ የኋሊት አስኬድህ ነበር። አሁን ለበሬው ስል እመለሳለሁ። ለአንተ እንዳይመስልህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

«ሻኛው ግን የእኔ ነው።»

ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። ጎረቤቶቼ ሻኛ የሌለው በሬ ከየት አመጣህ እያሉ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ዘንድሮስ በጊዜ ልለፍ ብዬ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሬዬን ይዤ ድልድይዋ ጋ ደረስኩ። አማቴ መሃሏ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።