ለሁለቱም ሳህን አንድ ምግብ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ልትሰናበቱኝ በዚህች ጠባብ ክፍል ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ወንበር ያጣችሁ ታገሱኝ። ነጋዴ ነኝና ወሬ አበዛለሁ፤ ዛሬ ግን የምሸጠው ዕቃ የለኝም።

ወደዚህ ቤተ ሙከራ የመጣሁት ገበያ ላፈላልግላችሁ ነበር። የቆዳ ካንሰር ሴሎችን የሚገድሉ የብር ናኖ ብናኞች ሠርታችኋል ተባልኩ። "ናኖ ምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቅ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯ፣ "ጋሼ፣ ከፀጉርዎ ሺህ ጊዜ የሚቀጥን ነው" አለችኝ።

"የቱ ፀጉሬ?" አልኩና በራዬን አሳየኋት።

ያኔ የታናሽ እህቴ ትከሻ ላይ የወጣው የቆዳ ካንሰር ተዛምቶ፣ ሐኪሞቿ የሚሞክሩት አልቆባቸው ነበር። የእናንተ ውጤት ደግሞ የካንሰሩ ሴሎች ሞቱ፣ ጤነኞቹ የቆዳ ሴሎች ተረፉ የሚል ነበር። ከዚህ የበለጠ የምሥራች አለ? ሮጬ ነገርኳት። "እንግዲህ ዕቃህ በኔ ይሟሽ" ብላ ሳቀች።

ዶክተሯ ግን ሙከራውን ደገመችው። ለምን? ጤነኞቹ ሴሎች ስስ ስለሆኑ፣ እናንተም ስለምትሳሱላቸው፣ ሴረም የሚባለውን ምግብ ጨመር አድርጋችሁ ትሰጧቸው ነበር። ለካ ሴረሙ ብናኞቹን ሸፍኖ ጉልበታቸውን ሰብሮት ኖሯል። የካንሰሩና የጤነኞቹ ሴሎች ላሉበት ለሁለቱም ሳህን እኩል ምግብ ሲሰጥ ጤነኞቹም አብረው አለቁ።

"ካንሰሩንስ ገድሏል አይደል?" አልኳት።

"በረኪናም ይገድለዋል፣ ጋሼ።"

"አንድ ብልቃጥ ብቻ። ለእህቴ ነው።"

ጓንቷን አወለቀች። "ለእናቴም ቢሆን አልሰጥም። በሕመሟ ላይ ሌላ ሕመም ልጨምርባት?"

ተናድጄ ወጣሁ። ለእህቴ መንገሩ ግን የኔ ዕዳ ነበር፤ ነገርኳት። "ሴትዮዋ እውነቷን ነው፤ እንዳትቀየማት" አለችኝ። "አንተም መድኃኒት ማሳደዱን ተወውና እዚህ ጋ ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ። የቀሯትን ሳምንታት ቆዳዋ ሳይላጥ፣ እየቀለደችብኝ፣ ራሷን እንደሆነች ኖረች። ያቺን ብልቃጥ ብወስድላት ኖሮ ይህ አይኖረኝም ነበር። በንግድ ዘመኔ እምቢ ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ እንደዚያ ቀን እምቢታ የጠቀመኝ ግን የለም።

ካንሰሩን ከጤነኛው የሚለይ ብናኝ ፍለጋው ዛሬም እንዳልቆመ አውቃለሁ። እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይፍዘዝ። ቤታችሁን ሰላም፣ ልጆቻችሁን ጤና ያድርግልኝ። አንድ ቀን ደግሞ እንደ እኔ የጨነቀው ወንድም ወደዚህ ይመጣል። "እንካ፣ ውሰድላት" የምትሉት ያድርጋችሁ።

ጤነኞቹ ሴሎች እየሞቱ ከሆነ ግን፣ ቢያለቅስባችሁም፣ እምቢ በሉት።