ጋሽ ትዕዛዙ ብቻቸውን የሄዱት የራቤል መንገድ

እንደምን ዋላችሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ ብርጭቆ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው።

ዛሬ የምንሸኛቸውን ጋሽ ትዕዛዙን መጀመሪያ ያየኋቸው ከምሠራበት መዝገብ ቤት መስኮት ነው። ክረምት ነበር። «ለማኅበራችን የብስክሌት ክበብ የጉዞ አዘጋጅ ከዓለም ከተማ እየመጣልን ነው» ተብሎ ሥራ ፈትተን በር በሩን እናያለን። የብስክሌት ሰው ነውና እየነዳ ይመጣል ብለን ነዋ። እሳቸው ግን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ ብስክሌቱን እንደ ጠቦት ትከሻቸው ላይ አጋድመው ብቅ አሉ። ዘበኛው «ጥገና በጓሮ በር ነው፣ አባት» አላቸው። እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፍልኛል፣ ከመስኮቴ ሆኜ «መንዳት የሚያስተምሩን እሳቸው ናቸው ወይስ ብስክሌቱ?» አልኩ። ሰምተውኛል። ቀና አሉና «እመቤት፣ ደረቁን እሱ ይሸከመኛል፣ ጭቃውን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ተስማምተናል» አሉኝ። ከዚያን ዕለት ወዲህ እኔና እሳቸው በነገር ሳንነካካ የዋልንበት ቀን የለም።

እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ፣ እሳቸው ዘንድ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። «እንደምን አደሩ ጋሼ» ሲባሉ መልሳቸው «እስቲ ፍሬንህን አሳየኝ» ነው። እሳቸውን የጨበጠ ሰው እስከ ማታ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ባለቤታቸው እዚህ ስላሉ ይመስክሩ፤ ኮታቸውን ሊያጥቡ ኪሱን ሲፈትሹ መሐረብ አግኝተው አያውቁም። የጎማ መለጠፊያና ካቻቢቴ ነው የሚያገኙት።

ደግሞ ያ ሕጋቸው። በማንኛውም ጉዞ ፊት የሚሄደው ደካማው ነው። እኔ መንዳት የለመድኩት ሸምግዬ ስለሆነ ፊት መሪዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ከመሐል ሜዳ ወጥተን የጓሳን ዳገት ስንያያዘው ወንድምአገኝ፣ ለውድድር የምናሰልፈው ልጃችን፣ ከኋላዬ ሆኖ ሊፈነዳ ደረሰ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በእግሬ ብሄድ አረጋሽን እቀድማታለሁ» አለ። «እንግዲያው ውረድና በእግርህ ሂድ፤ ከእሷ ፊት ግን እንዳትወጣ» አሉት። እውነትም ወረደ። እስከ አናቱ ድረስ እየገፋ፣ እያጉረመረመ ተከተለኝ። ይኸው እዚያ ጥግ ሆኖ ይስቃል፤ ያን ቀን አልሳቀም።

የለቅሶውን ነገር ሳልናገር ብቀመጥ ደግሞ አትለቁኝም። የመጀመሪያው የራቤል ጉዞ ነው። ከሞላሌ ተነስተን፣ መሐል ሜዳ አድረን፣ በማግስቱ ለምሳ ራቤል ልንደርስ ነው ዕቅዱ። እዚያ በግ ታርዶ ይጠብቀናል። ጓሳን እንዳለፍን መንገድ ዳር ድንኳን አየን፣ ወዲያው የጋሽ ትዕዛዙ ፊሽካ ጮኸ። «ውረዱ። ሄልሜት አውልቁ።» ወንድምአገኝ ረሃቡ ጠንቶበታል፤ «ጋሼ፣ አናውቃቸውም እኮ፣ ቀስ ብለን እንለፍ» አለ። «ሰው ሞቶባቸው አንተ ደወል እያቃጨልክ ታልፋለህ?» አሉት። ገባን። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን ተቀመጥን፣ ንፍሮ ቀረበልን። እንነሳ ስንል የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ኮከቤ «ከሩቅ መጥታችሁማ እህል ሳትቀምሱ አትሄዱም» ብለው ያዙን። ራቤል ስንገባ መሽቷል። አስተናጋጆቻችን ተስፋ ቆርጠው በጉን ጨርሰውታል፤ ለእኛ መረቅ ተረፈን። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ በስብሰባ ላይ «ሟቹ የክበቡ አባል ነበሩ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ትዕዛዙ «አልነበሩም። አሁን ግን ቤተሰባቸው ዘመዳችን ነው» ብለው ተቀመጡ።

በዓመቱ በዚያው ስናልፍ ወይዘሮ ኮከቤ እንስራ አውጥተው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ጋሽ ትዕዛዙ «ይኸው፣ አንድ የውሃ ቤት አገኘን» አሉ። የእሳቸው ሥራ ይህ ነበር። ሌላ ክበብ ጉዞ ሲያቅድ ሆቴል ይፈልጋል። እሳቸው አስቀድመው ብቻቸውን ይሄዱና በየዳገቱ አናት አንድ ቤት ደጅ ቆመው ውሃ ይለምኑልናል። የማን ማኅበር መቼ እንደሚወጣ፣ የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ልጅ ዲቁና እንደተቀበለ አውቀው ይመለሳሉ። እኛም በሄድንበት ሁሉ እንግዳ ሆነን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ ሳቁ ይብቃን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ማዕረግ «አጠር ያለና ደስ የሚል ይሁን» ብለውኛል። አጠር ማድረጉን እሞክራለሁ። ደስ የሚለውን ግን ከየት ላምጣው? እኔ ተናድጃለሁ፤ ተናድጄም ነው የመጣሁት።

መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ያለፉት ዓመታት ጉዞዎች ቀርተው እንደነበር ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ተከፈተና ጋሽ ትዕዛዙ ለመሰናበቻቸው የራቤልን ጉዞ አሰናዱ። የውሃ ቤቶቹ ሁሉ እሺ አሉ። ልንነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረን ቦርዱ ተሰበሰበና ጉዞ ሜዳሊያ አያመጣም አለ። ከእንግዲህ የቡድን ጉዞ አይኖርም፣ ብስክሌቶቹ ይሸጡ፣ መጋዘኑ ለሠርግ ድንኳንና ወንበር ማከራያ ይሁን ተባለ። አቶ ማዕረግ፣ አይገላምጡኝ፤ ሲወሰን ቃለ ጉባኤ ይዤ እዚያው ነበርኩ።

ለውሃ ቤቶቹ እንደማንመጣ ስልክ ይደወል ተባለ። ጋሽ ትዕዛዙ «ደጃቸው ቆሜ የለመንኩትን በስልክ አልሰርዝም» ብለው ብስክሌታቸውን አወጡ። ብቻቸውን ሄዱ። በየቤቱ እየወረዱ «ዘንድሮ አንመጣም» እያሉ እስከ ራቤል ደረሱ። አስቡት፣ እኛ የምንከተላቸው መስሎት ወደ ኋላቸው የሚያይ ሕፃን ሁሉ ይኖራል። ዕድሜ ልካቸውን ጉዞ ሲያቀኑበት የኖሩትን መንገድ ጉዞ ሊያፈርሱ ሄዱበት። እኔ ብሆን አላደርገውም ነበር።

ሲመለሱ መዝገብ ቤት ገብተው ወንበር ሳቡ።

«ሰዎቹ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«አልተቆጡም። ወይዘሮ ኮከቤ ጠላ ጠምቀው ነበር፣ ቅር አላቸው። ግን ‹ለከርሞ ያድርሳችሁ› ብለው መረቁኝ። ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው ያለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ለከርሞም የለም ማለት አቃተኝ፣ አረጋሽ። አሜን አልኩ» አሉኝ። ከዚያ አለቀሱ። ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ትዕዛዙ፣ ይህን በሰው ፊት መናገሬን እንደማይወዱት አውቃለሁ። ግን የበላንበትን ደጅ እንዴት እንደተውነው ሰው ሳይሰማ ጥብስ በልተን ልንበተን ነው፣ እሱ አልዋጥልሽ አለኝ።

ዛሬ የግድግዳ ሰዓት ሸለምናቸው። መንገዱን ወስደን ሰዓት ሰጠናቸው። ንግግሬ ላይም «ሁሌም ከእኛ ጋር ናቸው» የሚል እንዳይቀር ተብያለሁ። አልለውም፣ ውሸት ነው። ብስክሌታቸውን ትናንት አስረክበዋል፤ ሰኞ ብቅ ቢሉ በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃሉ።

ምስጋናውን ግን ማንም ሳያዘኝ እላለሁ። ጋሽ ትዕዛዙ፣ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ከቤቴና ከመዝገብ ቤቱ ሌላ የማውቀው ቦታ አልነበረኝም። ጥቁሬን ሳላወልቅ ነው «ነይ፣ ፊት ሁኚ» ያሉኝ። ስንት ጎበዝ ከኋላዬ አሰልፈው አንድም ቀን ቶሎ በይ አላሉኝም። በዕድሜዬ ለእኔ ብሎ ቀስ ያለ ሰው ከእርስዎ በፊት አላየሁም። እዚህ ካሉት ብዙዎቹም እንደዚሁ የሚሉት ነገር አላቸው፤ አለቃ ተቀምጦ ስለሆነ ዝም ብለዋል። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልን።

አሁን ብርጭቋችሁን አንሱ። ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ከልጅ ልጆችዎ ጋር ያኑርዎ። የቀረችው አንዲት ምርቃት የእኔ አይደለችም፤ የወይዘሮ ኮከቤና የዚያ መንገድ ሰዎች ናት። ያን ቀን ስለ ሁላችን ብቻዎን አሜን ብለዋል፤ ቃሉ ግን እርስዎ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ስለዚህ ሁላችንም በአንድነት እንቀበለው።

ለከርሞ ራቤል ያድርሰን።

አሜናችሁን ሰማሁ። ከኋላ ያሉትንም ሰማሁ፤ ወንድምአገኝ፣ የአንተንም ሰምቻለሁ።

አቶ ማዕረግ፣ የእርስዎን አልሰማሁም።